የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ወላጅ ጋ እንዲደርስ ምን አደረግን?

ልጆቼ የሚማሩት አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ደግሞ የወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ሁላችንም «ወመህ» የምንለው፣ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ሲባል ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ ይመስላል። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሠራኝ ማስታወቂያ ነው። ትምህርት ቤቱ ምን አለ? ለመቼ? ወላጁ ጋስ ደረሰ ወይ? ሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይም የወመህ አባላት፣ ትጠቀሙበት እንደሆነ ብዬ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

እኛ ጋ ማስታወቂያ ጠፍቶ አያውቅም። እንዲያውም ይበዛ ነበር። ጠዋት ሰልፍ ላይ ለልጆቹ ይነገራል። ሚኒ ሚዲያው ያነበዋል። በሩ ላይ ይለጠፋል። ኮሚኒኬሽን ደብተር ላይ ይጻፋል። ቴሌግራም ላይም ይለቀቃል። ችግሩ ሁሉም ቦታ የሚባለው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በሩ ላይ ቀንና ሰዓት ያለው ስብሰባ ቴሌግራም ላይ ሲደርስ «የፊታችን ቅዳሜ» ብቻ ይሆናል። ልጅ ቤት ሲገባ ደግሞ «ነገ ወላጅ ይምጣ ተብሏል» ይላል። አንዷ እናት ሥራ አስፈቅዳ ትመጣለች። ጥበቃው «ዛሬ እኮ ምንም የለም» ብሎ ይመልሳታል። በቀን ሥራ ለምትተዳደር ሰው ይህ የአንድ ቀን ገቢ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስብሰባ አለ ብትባል ለምን ትመጣለች?

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉንም ወሬ በአንድ ወረቀት ላይ መሰብሰብ ነው። መምህራን ለወላጅ የሚሉትን ነገር እስከ ሐሙስ ለምክትል ርዕሰ መምህሯ ይሰጣሉ። እሷ አይታ ትፈርማለች። ዓርብ ያው ጽሑፍ፣ ቃል ሳይቀየር፣ በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ልጆቹም ኮሚኒኬሽን ደብተራቸው ላይ ዋናውን ይገለብጣሉ። አስቸኳይ ነገር ካልመጣ በስተቀር በመሃል ማስታወቂያ አይወጣም። ወላጅ ዓርብ ማታ አንዴ ካየ ለሳምንቱ በቃው። ለምን ዓርብ? ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩበት ጊዜ ስላለ ነው። ዩኒፎርም የሚታጠብ ካለ ይታጠባል፣ የሚገዛ ካለ ይገዛል፣ ሥራ የሚያስፈቅድም ሰኞ አለቃውን ያናግራል።

ከዚያ የአጻጻፉ ጉዳይ መጣ። ድሮ በራችን ላይ የሚለጠፈው ይህን ይመስል ነበር፦

«ለወላጆች በሙሉ፦ ቅዳሜ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ በሰዓቱ እንድትገኙ በጥብቅ እናሳስባለን። ትምህርት ቤቱ።»

የትኛው ቅዳሜ? ስንት ሰዓት? ስለ ምን? የስንተኛ ክፍል ወላጆች? «አስቸኳይ» እና «በጥብቅ» ሲደራረቡ ደግሞ ወላጅ ልጄ ምን አጠፋ ብሎ ይደነግጣል። አሁን እንዲህ ነው የምንጽፈው፦

«የ3ኛ እና የ4ኛ ክፍል ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ቅዳሜ የካቲት 14 ከጠዋቱ 3:00 እስከ 4:30 በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ። የምንነጋገረው ስለ መጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤትና ስለ ንባብ ነው። የሚከፈል ገንዘብ የለም። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ቢመጣ ይበቃል። ሕፃን ይዞ መምጣት ይቻላል። ቅዳሜ የማይመቻችሁ ሰኞ ጠዋት 2:00 ላይ የክፍል ኃላፊውን መምህር በር ላይ ታገኛላችሁ።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣችው «የሚከፈል ገንዘብ የለም» የምትለዋ ናት። ስብሰባ ሲባል ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚመጣለት መዋጮ ነው። የሚሰጠው የሌለው ሰው ሰው ፊት ከማፈር ቤቱ መቅረትን ይመርጣል። ይህን ወላጆች ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። መዋጮ ካለም በግልጽ ይጻፍ። ለምን እንደሆነ፣ በፈቃድ እንደሆነ፣ ያልሰጠ ሰው ልጅ ምንም እንደማይደርስበት ይነገር። ስብሰባው ላይ ደርሶ ድንገት ከሚሰማው በሩ ላይ አንብቦ ቢመጣ ይሻላል።

ሰዓቱ የሚያልቅበት መጻፉም ቀላል ነገር አይደለም። ጉሊት ያላት እናት ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ነው የምትመጣው። 4:30 ያልቃል ካላችኋት 4:30 ጨርሱላት። አንድ ጊዜ እስከ 6:00 ካስቀመጣችኋት በሚቀጥለው አትመጣም።

ቀንን በተመለከተ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። የወንድሜ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚመጣው። «ማርች 2 ትምህርት የለም» ይላል። አያታቸው ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያዩት አይገናኝም። ማርች 2 የካቲት 23 ነው፣ የዓድዋ በዓል። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ጻፉልን ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓቱም «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ይባልበት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ የሚል ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

ቴሌግራምን ብዙ ሰው የመፍትሔው ሁሉ ቁልፍ አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ግሩፑ መልካም በዓል፣ መልካም ሰንበት፣ የአበባ ሥዕል፣ የቤት ሥራ ጥያቄ፣ የጠፋ ሹራብ ፍለጋ ይሞላዋል። ማስታወቂያው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። እኛ ለየነው። ማስታወቂያ የሚወጣበት ቻናል አለ፤ እዚያ ላይ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። መጨዋወቻው ግሩፕ ሌላ ነው። ቻናሉን ድምፅ እንዳታጠፉበት፣ ግሩፑን ካሰለቻችሁ አጥፉት እንላለን። ጽሑፉ ሲወጣ አብሮ አጭር የድምፅ መልዕክት ይለቀቃል። ማንበብ የማይችል ወላጅም፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ የቆመም ይሰማዋል። አፋን ኦሮሞ የሚማሩ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ደግሞ ጽሑፉም ድምፁም በሁለቱም ቋንቋ ቢሆን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። የልጆች ውጤት ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ያልከፈሉ ወላጆች ዝርዝርም አይለጠፍ። የተጣሉ ልጆች ስምም እንዲሁ። ልጆቹ የእናታቸውን ስልክ ይዘው ያነባሉ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ መሳለቂያ የሚሆነው ልጁ ነው። የአንድ ልጅ ጉዳይ ለዚያ ልጅ ቤት ብቻ ይነገራል።

ስማርት ስልክ የሌላቸውስ? እኛ ትምህርት ቤት ጥቂት አይደሉም። ብዙ ልጅ የሚኖረው ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ነው። አምና ለዓድዋ በዓል ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ተባለ። ከሰዓት ልጆች ሲለቀቁ በሩ ጋ ቆሜ አንዲት እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወረቀቱ ፊት ቆመው አየሁ።

«ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«የሱቅ ልብስ ነው እንዴ የሚፈልጉት? እኔ ያለኝ ነጠላ ነው። ልጁ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሰብኝ ነው፤ ጎፈርና ጋሻ ካልገዛሽልኝ አልሄድም ይላል።»

«እማማ፣ ነጠላው ይበቃል። ትከሻው ላይ ያጣፋ፣ እኛም እናሳምርለታለን» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነማ እግዜር ይስጥሽ።»

ያን ዕለት ከዚያ ወረቀት ሥር በእስክሪብቶ «አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም፤ ቤት ያለ ነጠላ ይበቃል» ተብሎ ተጻፈበት። ዘንድሮ ከመጀመሪያው ታትሞ ገብቷል። ሽሮ ሜዳ ወርዶ ለልጁ ሙሉ ልብስ ማሰፋት የሚችል ወላጅ አለ፣ ደስ ይበለው። የማይችለው ግን ልጁን በዚያ ቀን ቤት ያስቀረዋል። ስለ አያቶቹ ታሪክ የሚማርበት ቀን ላይ በልብስ ምክንያት ልጅ መቅረት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ሁለት የወመህ አባላት ተራ ይዘን በሩ ጋ እንቆማለን። ወረቀቱን ለፈለገ ሰው እናነባለን። ግማሽ ሰዓት ነው የሚወስደው። የተራ ስልክ ቁጥራቸውን ለሰጡን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዋና ዋናውን በአጭር መልዕክት ይልካል።

ሌላው ከርቀት የሚመጡት ናቸው። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤተሰብ ተነስቷል። ወደ ገላን ጉራና ወደ ለሚ ኩራ የሄዱ አሉ። አንዳንዶቹ ዓመቱ እስኪያልቅ ብለው፣ ወይም ልጁ ከጓደኞቹና ከመምህሩ እንዳይለይ ብለው፣ መሸኛ ሳያወጡ ልጃቸውን እዚሁ ያመላልሳሉ። ለእነሱ ከሰዓት 10:00 የሚጠራ ስብሰባ ማለት ጨለማ ላይ የታክሲ ሰልፍ ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላቸዋል። ግማሽ ቀን ብቻ ትምህርት ያለበት ቀንም አስቀድሞ ካልተነገራቸው ልጁ በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በነገራችን ላይ ግማሽ ቀን ሲኖር ወላጅ የሚጠይቀው ሌላም ነገር አለ፤ ምሳ አለ ወይ? በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ቤት ልጁ ቁርስና ምሳውን እዚያ እንደሚበላ አስቦ ነው ቀኑን የሚያቅደው። ስለዚህ «ልጆች 6:00 ይለቀቃሉ» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ምሳ በልተው ይወጣሉ» ወይም «ምሳ የለም» የሚለው አብሮ ይጻፍ።

ክትባት ሲኖርም እንዲሁ በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ሴት ልጆች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ወሬው ከማስታወቂያው ቀድሞ ነበር የደረሰው። «መሃን ያደርጋል» የሚል የድምፅ መልዕክት ከግሩፕ ግሩፕ ይዞር ነበር። ውሸት ነው። ይህን ካንሰር በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ክትባቱ በልጅነት የሚሰጠውም ቫይረሱ ሳያገኛቸው በፊት ሰውነታቸው እንዲዘጋጅ ነው። እኛ ያደረግነው አንዲት የጤና ባለሙያ ከጤና ጣቢያ መጥታ ለእናቶች እንድትነግርልን መጠየቅ ነው። ጥያቄ ተጠየቀች፣ መለሰች። ወረቀቱ ላይም የክትባቱ ስም፣ ለማን እንደሆነ፣ ቀኑና ጥያቄ ያለው ማንን እንደሚያናግር ተጻፈ። ምንም ማብራሪያ የሌለው «ነገ ክትባት አለ» የሚል ማስታወቂያ ልጆችን ከትምህርት ቤት ከማስቀረት ሌላ ፋይዳ የለውም።

አሁን ከፊታችን ስላለው ልናገር። የዓመቱ ዝግጅት አብዛኛው በየዓመቱ ያው ነው። በየጊዜው ድንገት የመጣ የሚመስለን አስቀድመን ስለማንጽፈው ነው። እኛ የዓመቱን በመስከረም ጽፈን ለጥፈናል፤ እናንተም የቀረውን አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን አልፏል። በሥራ ላይ የሚታሰብ ቀን ስለሆነ ትምህርት ነበረ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ጠዋት ላይ የአበባ ማኖር ሥነ ሥርዓት ስለሚኖር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በዚያ በኩል ልጅ የምታመላልሱ ለሚቀጥለው ዓመት ያዙት። ዓድዋ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ የካቲት 23 ነው የሚውለው። ስለዚህ እኛ የምናከብረው ዓርብ የካቲት 20 ነው። የ5ኛ እና የ6ኛ ክፍል ልጆች ከዚያ በፊት ፒያሳ ወዳለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በእግር ይሄዳሉ። መታሰቢያው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ለእኛ ሠፈር ልጆች ትልቅ ነገር ነበር። ታሪኩን ደብተር ላይ ብቻ ያዩት ልጆች አሁን ከክፍላቸው ተነስተው በእግራቸው ይደርሱበታል። መሃል ከተማ መማር ያለው ጥቅም ይሄ ነው። ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው። አውቶቡስ መከራየት ሳያስፈልግ ልጆች ብዙ ነገር ያያሉ። መምህራኑን ጠይቋቸው፤ «ለጉዞ በጀት የለም» የሚባለው ለዚህ ለዚህ አይሠራም።

ለጉብኝት የፈቃድ ወረቀት ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ፈልጉበት። ስንት ሰዓት ወጥተው ስንት ሰዓት ይመለሳሉ? ስንት አዋቂ አብሯቸው ይሄዳል? ምግብና ውኃ ከቤት ነው ወይስ ከትምህርት ቤት? የምግቡ ነገር ዘንድሮ በተለይ ያሳስባል። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ጀመረ። ከፍ ያሉት ክፍሎች ውስጥ የሚጾሙ ልጆች አሉ። ስለዚህ ጉብኝቱን ጠዋት አድርገነዋል፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንዲመለሱ። ምግብ የሚይዙ ልጆችም የጾም ምግብ ቢይዙ ተካፍለው ይበላሉ ብለን ጽፈናል። ልጅ ላንች ቦክሱን ከፍቶ ብቻውን መብላት አይወድም።

ከዚያ በኋላ ስቅለት ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። የሠራተኞች ቀን ዓርብ ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ደግሞ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ይውላሉ። በመሃሉ ሰኞ ትምህርት አለ። ረዘም ያለ ዕረፍት መስሏችሁ ልጅ ይዛችሁ ክፍለ ሀገር እንዳትሄዱ፤ ፈተና በሚቃረብበት ወቅት የሚያልፍ ትምህርት ይከብዳል። ኢድ አል ፈጥርና አረፋ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ወረቀቱ ላይ «እንደ ጨረቃዋ መታየት» ብለን ቦታ ትተንላቸዋል። ሙስሊም ወላጆች ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ሽልማት ይሰጣል፣ ልጆች ይዘፍናሉ፣ ግጥም ያነባሉ። አብዛኛው ወላጅ የሚመጣው ልጄ ይሸለማል ብሎ ነው፤ የማይሸለም የመሰለው ይቀራል። እኔ የማሳስበው ዝግጅት ላይ ያሉ ልጆች ሁሉ ቤተሰብ በስሙ እንዲጠራ ነው። «ልጅዎ በ4:00 ሰዓት ግጥም ያነባል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለእያንዳንዱ ልጅ ቤት እንልካለን። ሥራ ላይ ያለ አባት ለአንድ ሰዓት ብቅ ማለት ይችላል፤ ሙሉ ቀን ግን አይችልም።

የ6ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይህን አንብቡ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 6ኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። 7ኛ ክፍል የማያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ካላችሁ ልጁ ቦታ ይቀይራል። የት እንደሚመደብ ከአሁኑ ጠይቁ። የተፈታኞች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ልጁ አይቶ «አለሁበት» ቢላችሁም ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ጾታውን፣ ፎቶውን ተመልከቱ። ኃይለማርያም ተያይዞ ይሁን ተለያይቶ፣ መሐመድ በየትኛው «ሐ» እንደተጻፈ ሳይቀር እዩት። የሚስተካከል ነገር ካለ ያኔውኑ ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ። ስትሄዱ የልደት ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ክርክሩን ያሳጥርላችኋል።